ሻርክ የመታው ጭልፋ

ሄቲ ስታኒፎርዝ በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜዋ እውነት የተናገረችው ሦስት ጊዜ ነው ይባላል። ሁለቱን ለጥርስ ሐኪም፣ አንዱን አፏ አዳልጧት። ይህን የሚያወሩት ጠላቶቿ አይደሉም፤ ሼፊልድ ከተማ በአክስት አጊ ወርክሾፕ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አሮጌ የብር ዕቃ ሲወለውሉ የሚውሉት ስድስት ሴቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ያለ ሄቲ ውሸት ቀኑ አይመሽላቸውም።

ጠዋት ቡናማ ወረቀት እንደ ሽርጥ ወገብ ላይ በሲባጎ ይታሰራል፤ ቀይ ሻሽ ራስ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ በሚሽከረከረው ጎማ ፊት ቁጭ ብሎ ማንኪያውን፣ ሹካውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በዘይትና በአሸዋ ማሸት ነው። ማታ ላይ ብሩ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሴቶቹ ከጭስ ማውጫ ውስጥ የተጎተቱ ይመስላሉ። ሄቲ አንድ ቀን እንዲሁ ጠቁራ ወደ ቤቷ ስትሄድ አንዲት ጥቁር ድመት ዘመዷ መስያት ተከትላኝ ገባች ብላ ምላለች። ድመቷ እስከ ዛሬ ቤቷ አለች፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ለሚመጣው ዕቃ ሁሉ ታሪክ ትፈጥርለታለች። አንድ ጥርሱ የጎደለ ሹካ ከመጣ፣ የጎደለውን ጥርስ ከጥብሱ ጋር የዋጠው አንድ ሆዳም ጳጳስ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ዝናብ ሲመጣ ሆዱ ውስጥ ይወጋው ነበር። ያቺ ቀጭን የስኳር መቆንጠጫ ደግሞ የአንዲት ባላባት ሴት አፍንጫ ማቅጠኛ ነበረች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጊዜው ይሄዳል።

የዚያን ዕለት ማክሰኞ ግን የሚስቅ አልነበረም። ከሎንዶን አንድ እሽግ መጥቷል። ላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት የብር ነጋዴው የአምብሮዝ ሌይተን ነው፤ ሄቲ ፊደሉን ከመንገድ ማዶ ትለየዋለች። ተነስታ እጇን ታጠበች። በወርክሾፑ ታሪክ ከምሳ በፊት እጁን የታጠበ ሰው ስላልነበረ ሴቶቹ ጎማውን አቁመው ያይዋት ጀመር።

ውስጡ በወፍራም ወረቀት የታተመ ካታሎግ ነበር። በሎንዶን ሐሙስ ለሚከፈተው የጥንት የብር ገበታ ዕቃዎች ኤግዚቢሽን የተዘጋጀ፣ ሰብሳቢዎች ሁሉ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዘውት የሚዞሩት ካታሎግ። ሄቲ ገጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

እንዲህ ይላል፦ «የሾርባ ጭልፋ፣ ስተርሊንግ ብር፣ ሎንዶን የተሠራ። በጭልፋው ላይ የሚታየው ስርጉድ የተፈጠረው፣ ባለቤቱ አድሚራል ባርናቢ ስኩዊብ በማዕበል መካከል በመርከቡ መስኮት አንገቱን ያስገባ ሻርክ አፍንጫ ላይ በመቱበት ጊዜ ነው።» ከሥሩ የአምብሮዝ ስም አለ።

አድሚራል ባርናቢ ስኩዊብ ኖረው አያውቁም። ሄቲ በግንቦት ወር፣ አንድ ሰው ሦስት ደረጃ ወጥቶ እስኪጨርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የፈጠረቻቸው። ሻርኩንም አብራ ነው የፈጠረችው።

አክስት አጊ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የወርክሾፑ ባለቤት ናት፤ ሃምሳ ዓመት ብር ስታሽ የጣቷ አሻራ ጠፍቶ ፖሊስ ቢይዘኝ ማንነቴን አያውቅም የምትል ሴት ናት።

«አመነሽ» አለች ቀስ ብላ። «ሄቲ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የምሩን አመነሽ።»

አምብሮዝ ሌይተን ረጅም፣ ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ሎንዶን ውስጥ ከእናቱ ጋር የጥንት ብር ሱቅ አለው። የብር ዕቃ ካየ ሳይገለብጥ አያልፍም። ጀርባው ላይ የተመቱትን አራት ጥቃቅን ምልክቶች ያነብባል፤ የሠሪውን፣ የከተማውን፣ የብሩን ንጽሕና የሚመሰክረውን አንበሳ፣ የተሠራበትን ዓመት የሚናገረውን ፊደል። ሰው ቤት ራት ተጋብዞ ሾርባው እስኪመጣ ማንኪያውን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር የቤቱ እመቤት ቆሻሻ ያገኘባት መስሏት አልቅሳለች። ሰብሳቢዎቹም አምብሮዝ ካታሎግ ላይ የጻፈው ነገር አንበሳው እንደተመታበት ብር ነው፣ ማንም አይመረምረውም ይላሉ።

ባለፈው ጥቅምት ነው መጀመሪያ የመጣው። አንድ ሳጥን ማንኪያ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ፣ ሰባት ጠቋቁረው ዓይናቸው ብቻ የሚያበራ ሴቶች ፊት ቆመና፣ እባካችሁ ብዙ እንዳታበሩት ብሎ ለመነ። ከዚያ የተነሳው ሳቅ ጣራው ላይ ያሉትን እርግቦች አባረራቸው፤ ሄቲ እንደምትለው አሁንም አልተመለሱም።

«ሰው የሚከፍለን እንድናበራለት ነው» አለችው። «አንተ እንዳናበራ ልትከፍል ነው የመጣኸው?»

ጆሮው ቀላ። ብሩ ላይ በተቀረጸው አበባ ውስጥ የተኛው ጥቁረት ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ የሁለት መቶ ዓመት እጅ ያለሰለሰው ዕድሜ እንደሆነ፣ ሰብሳቢ የሚወደው እሱን እንደሆነ እየተንተባተበ አስረዳ። ሴቶቹ አሁንም ይስቃሉ። ሄቲ ግን ማንኪያውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ፊቱን እጠቢለት፣ ሽበቱን ተይለት ነው የምትለው» አለች። «ይሁን፣ ፍቅሬ። ስጠኝ።»

ፍቅሬ። ሼፊልድ ውስጥ ይህች ቃል ከትንፋሽ አትበልጥም። ከሰል አመላላሹ ፍቅሬ ነው፣ የትራም ቲኬት ቆራጩ ፍቅሬ ነው፣ ሰው የሚያስረው ፖሊስም ፍቅሬ ነው። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰዎች እርስ በርስ «ፍቅሬ፣ ክብሪት ይዘሃል?» ይባባላሉ። እርስዎ ማለት ደግሞ የሼፊልድን ሰው ምላሱን ያሳክከዋል፤ ንግሥት ደጁ ብትቆም «ግቢ ፍቅሬ፣ ብርድ ነው» ነው የምትባለው። አምብሮዝ ግን የሎንዶን ልጅ ነው። እናቱ እንኳ አምብሮዝ ከማለት ያለፈ ነገር ብለውት አያውቁም። ያን ቀን ደረጃውን የወረደው በእግሩ ይሁን በክንፉ አላወቀም።

በአሥረኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከዚያ በወር ሁለቴ ሆነ። አክስት አጊ በዚህ አያያዝ ሎንዶን ሕዝቡ ሾርባ በእጁ ሊጠጣ ነው እያለች ትተርብ ነበር። በመካከሉ ደብዳቤ ይጽፋል። ውድ ሚስ ስታኒፎርዝ፣ የሰናፍጭ ማንኪያዋ በሰላም ደርሳለች ይላል፤ የሹካዎቹ ጫፍ ጥሩ ሆኗል ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይጨምራል፦ እዚህም ይዘንባል። ሄቲ የማንኪያውን ወሬ አንድ ጊዜ፣ የዝናቡን መስመር ደግሞ ወረቀቱ በእጥፋቱ እስኪቀደድ ታነበዋለች። ስለ ዝናብ የተጻፈ ነገር ሰውን ለምን እንደሚያሞቀው ግን ለማንም አልተናገረችም።

በፋሲካ ሰሞን አንዲት የሕፃን ማንኪያ አመጣ። ጠርዟ በአንድ ወገን ብቻ አልቋል። በዚህች የበላው ልጅ ግራኝ ነበር አላት፣ ልክ እንደ እርስዎ። ሄቲ ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። በትምህርት ቤት ግራ እጇን በማስመሪያ ከመቱት መምህር ወዲህ በየትኛው እጇ እንደምትሠራ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ከአምብሮዝ ጋር ስትነጋገር አንደበቷ ይተሳሰር ጀመር። «ሚስተር ሌይተን፣ ይቀመጡ» ትለዋለች። «ሻይ ይጠጣሉ?» ትለዋለች። ሴቶቹ ታማ መስሏቸው መድኃኒት ሊገዙላት ገንዘብ አዋጡ።

ግንቦት ላይ ጭልፋውን እያደረቀች ሳለ ድምፁን ከደረጃው ሥር ሰማችው። አክስት አጊን ደህና ዋሉ ሲል ብቻ ነው የሰማችው። ጭልፋው ከእጇ ሾልኮ የድንጋዩን ደፍ መታ። ሁለት መቶ ዓመት ምንም ያልነካው ብር አውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አወጣ። አምብሮዝ በሩን ሲከፍት ሄቲ ጭልፋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የአንድ አድሚራልን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ፈጥራ ጨርሳ ነበር። እሱም እስከ መጨረሻው አዳመጣት። አክስት አጊ በመዶሻ አቃናዋለሁ ስትል፣ አይነካ አለ፤ ታሪክ ያለው ስርጉድ አይነካም። ጭልፋውን በመሃረቡ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

ያ ነው እንግዲህ አሁን ገጽ አሥራ አራት ላይ የታተመው።

ከካታሎጉ ጋር ደብዳቤ ነበረ። ሄቲ ወደ ግድግዳው ዞራ አነበበችው።

«ውድ ሚስ ስታኒፎርዝ፣ ካታሎጉ ወጥቷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ስለ ጭልፋው የሚናገሩት የሰብሳቢዎቹ ሊቀመንበር ናቸው፤ በባሕር ኃይል አርባ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ዕቃውን ወደ ሼፊልድ የሚያመጣው ሌላ ሰው ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ የእኔ መምጣት ደስ እንደማይልዎት ተረድቻለሁ፤ እስካሁን ስላስቸገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ዝናቡ አቁሟል። አ. ሌይተን።»

መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ደብዳቤውን ለአክስት አጊ አቀበለቻት።

አክስት አጊ የምትለውን አለች፤ ሴትየዋ ነገር አታለዝብም። ዝም ካልሽ ነገ ከነገ ወዲያ ያ ሰው በሰብሳቢዎቹ ፊት ይዋረዳል፤ አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሽማግሌ እንዲህ የሚባል አድሚራል እንዳልነበረ ያውቃል። ከተናገርሽ ደግሞ ጭልፋውን የጣልሽው፣ የዋሸሽውም አንቺ እንደሆንሽ አምብሮዝ ያውቃል።

«በሁለቱም በኩል ታጪዋለሽ» አለች። «በአንደኛው በኩል ግን ስሙ ይተርፍለታል።»

ሄቲ ረቡዕ ጠዋት በአክስት አጊ ባርኔጣ ተጀንና ወደ ሎንዶን የሚሄደው ባቡር ላይ ተሳፈረች። በመንገድ ላይ አሥራ አንድ ውሸት ፈጠረች፣ አንዱ ካንዱ የሚያምር። በአንደኛው የአድሚራሉ መዝገብ ከነቤቱ ተቃጥሏል። በሌላኛው ስማቸውን ቀይረው ከገንዘብ አበዳሪ ሳይሆን ከአማታቸው ሸሽተዋል። ስምንተኛው እንዲያውም ሊቀመንበሩን ራሳቸውን የአድሚራሉ የልጅ ልጅ ያደርጋቸዋል፤ እሱን ስትጨርስ ብቻዋን ሳቀች፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ቄስ ጋዜጣቸውን ከፍ አደረጉ። ከእነዚህ በአንዱ ስሙን ማዳን ትችላለች። ጭልፋውን መጣሏንም ማንም አያውቅም። እሱም እንደ ድሮው ሊመጣ ይችላል፤ እዚህም ይዘንባል ሊላት ይችላል።

ሁሉም ነገር በእጇ ነበር። ግን መስኮቱ ላይ የራሷን ፊት ባየች ቁጥር፣ ማንኪያን እንደ ወፍ ጫጩት ይዞ የሚገለብጠው ያ ረጅም ሰው ትዝ ይላታል። ማንኪያ እንኳ እሱ ፊት አይዋሽም። ሎንዶን ስትደርስ አሥራ አንዱንም ባቡሩ ላይ ትታቸው ወረደች፤ ምናልባት ቄሱ አንሥተዋቸው ይሆናል።

ሱቁ ጸጥ ያለ፣ ምንጣፉ እግር የሚውጥ ሱቅ ነው። የአምብሮዝ እናት ሚስስ ሌይተን በካታሎግ ክምር መካከል ተቀምጠዋል፤ ነጭ ፀጉራቸው አንድም የተሳሳተ ቦታ የቆመ የለውም። ቀና ብለው የባርኔጣውን አበባ፣ ከዚያ ወርደው ጣቶቿን አዩ። ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁር መስመር በእያንዳንዱ ጥፍር ሥር አለ።

«ከሼፊልድ ነዎት» አሉ።

ሄቲ አዎ አለች። ልጅዎን ፈልጌ ነው አለች። አሮጊቷ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት መልስ ከመስጠቷ በፊት አምብሮዝ ከምድር ቤቱ የመስታወት ሣጥን ተሸክሞ ወጣ። ሣጥኑ ውስጥ ጭልፋው ቀይ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ሄቲን ሲያይ እንዳለ ቆመ፤ ማስቀመጥም መያዝም አቃተው።

ብትቀመጥ ኖሮ አትችልም ነበር። ስለዚህ ቆማ፣ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ተናገረች።

«ሚስተር ሌይተን፣ አድሚራል የለም። ሻርክም የለም። ጭልፋውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ወርክሾፑ ደፍ ላይ፣ በዚች በገዛ እጄ።»

አምብሮዝ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

«አውቃለሁ» አለ።

ሚስስ ሌይተን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሄቲ ያልሰማች መሰላት። እሱ ግን ወደ ምንጣፉ እያየ ቀጠለ። ጭልፋው ወደ ሼፊልድ ሲላክ መዝግቦታል፤ ክብደቱን፣ ምልክቶቹን፣ ምንም ጉዳት እንደሌለበት። ያን ቀንም ደረጃው ላይ እያለ ጭልፋው ሲወድቅ ድምፁን ሰምቷል። ብር ድንጋይ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

«አውቀኸው ነው ያተምከው?» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አንተ፣ አምብሮዝ?»

«ስርጉዱን ብቻ ብጽፍ ማን እንዳደረገው ይጠይቁኛል» አለ። «እርስዎ ዕቃ ያበላሸብዎት ወርክሾፕ ሁለተኛ ማንኪያ ልከውለት አያውቁም። እሷ ሥራዋን ታጣለች፣ እኔም የምሄድበትን ምክንያት አጣለሁ። አድሚራሉ ቢወቀሱ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ልጃቸውን፣ ከዚያ ሄቲን፣ ከዚያ እንደገና ልጃቸውን አዩ። እንደ ዕቃ እየገለበጡ ነበር የሚያዩት። ከዚያ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሡና ውሃ ልጨምርበት ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ማንቆርቆሪያው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ሲራመዱ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሄቲ የመጣችበትን ተናግራ ጨርሳለች፤ ወደ በሩ መሄድ ነበረባት። እግሯ ግን ምንጣፉ ውስጥ ሰጥሟል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ አምብሮዝ። «ከሄዱ በኋላ የምጠይቀው ሰው አይኖረኝም። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አንድ ቃል ብለውኝ ነበር።»

ሄቲ የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ሦስት ወር በዚያ ቃል ኖርኩ። ኋላ ከሰል አመላላሹን እንደዚያው ሲሉት ሰማሁ። ቀጥሎ ፈረሱን።»

«ፈረሱ ጥሩ ፈረስ ነው» አለች ሄቲ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ግድ የለም አልኩ። ከፈረሱ ጋር ተካፍዬም ቢሆን ይበቃኛል አልኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ለፈረሱ ብቻ ሆነ። እኔ ሚስተር ሌይተን ሆንኩ። ሻይ ይጠጣሉ ሆንኩ።» ጆሮው ከሥር ጀምሮ ቀላ። «ማንኪያ ቢሆኑ ገልብጬ አነብዎት ነበር። ሰው ላይ ምልክቱ የት እንደሚመታ አላውቅም።»

ሄቲ አፏን ከፈተች። በተለመደው ጊዜ እዚህ ላይ ጳጳስ ወይም ባላባት ወይም ሻርክ ይመጣላት ነበር። ምንም አልመጣም። ውስጧ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነበር።

«ያ ቃል እኛ አገር ትንፋሽ ነው» አለች። «ሲወጣ አላየውም። ከፋሲካ በኋላ አንተን ሳይ እንደ ሌላው ቀን ልልህ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም አለ። ለፈረሱ ይወጣል። ለፖሊሱ ይወጣል። ላንተ ሲሆን እዚህ ይዞ ያንቀኛል።» ጉሮሮዋን በጥቁር ጥፍሯ ነካች። «እውነት ሆኖብኝ ነው። እኔ ደግሞ እውነት መናገር አልለመደብኝም።»

አምብሮዝ አጠገቡ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ወንበሩ ሊሸጥ የቀረበ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ገመድ የታሰረበት ነበር፤ ገመዱ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ስለዚህ ሚስተር ሌይተን ሲሉኝ…»

«ያው ቃሉ ነው።»

«ይቀመጡ ሲሉኝስ?»

«እሱም።»

«በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ይቀመጡ ብለውኛል» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «እያንዳንዱ ሲወጋኝ ነበር የዋለው።»

ሄቲ ሳቀች፤ ሳቁ መካከል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል በባርኔጣው ጥላ ሸፈነችው። እሱ ተነሥቶ መጣና ባርኔጣውን ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ የሚሰበር ነገር እንደሚያነሣ አድርጎ አነሣላት። ከዚያ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚቀምስ ሰው ጫፉን ብቻ ቀመሰው።

«አንቺ» አላት።

ሄቲ ከፋሲካ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ከባድ ሰው ይቅርታ ጠይቆ የተነሣላት ያህል ተነፈሰች።

ሚስስ ሌይተን ሲመለሱ ትሪው ላይ ሦስት ሲኒ ነበር። ሄቲ ሦስተኛውን ሲኒ አይታ ሳታምን አምብሮዝን አየች፤ እሱም የሚያየው ሲኒውን ነበር። አሮጊቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻዩን ቀዱ። ከዚያ ጭልፋውን ከሣጥኑ አወጡና በአጉሊ መነጽር መመርመር ጀመሩ። ስርጉዱን አልነበረም የሚያዩት፤ እጀታው ላይ የተቀረጸውን የወይን ሐረግ፣ በሐረጉ ውስጥ እንደተኛ የቀረውን ጥላ ነበር። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አዩት።

«ይህን ያጸዳው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለች ሄቲ።

«እንዲህ የሚያጸዳ እጅ ሃያ ዓመት ስፈልግ ኖሬአለሁ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልጄ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ዋሸ። ለማን ብሎ እንደሆነ ሳልጠይቅ ማወቅ ነበረብኝ። ነገ ግን ሊቀመንበሩ ከመናገራቸው በፊት አንተው ቆመህ ትነግራቸዋለህ።»

አምብሮዝ እነግራቸዋለሁ አለ። አንዳንዶቹ ከዚህ በኋላ ካታሎጉን ሲያነቡ ቅንድባቸውን እንደሚያነሡ ያውቃል፤ ለጥቂት ዓመታት የጻፈውን ሁሉ እየገለበጡ ያዩታል። ይግለብጡት አለ። ሄቲ አጠገቡ እንደምትቆም ተናገረች፤ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ስወቀስ ከኋላ መደበቅ አልወድም አለች። አሮጊቷ አንድ ቁራጭ የዘቢብ ዳቦ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። የሌይተን ቤት ለወልዋይ ሴት ልጅ የገበታ ወንበር የሚያወጣ ቤት አልነበረም፤ ነገም በአንድ ጊዜ አይሆንም። ዳቦው ግን ቅቤ ተቀብቶበት ነበር።

ከዚያ ሚስስ ሌይተን ወረቀት ስበው እርማቱን ራሳቸው ጻፉ። በሠፈሩ ያለው ማተሚያ ቤት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርጦ ላከላቸው። ጣት የምታህል ወረቀት ናት፦

«እርማት። በገጽ አሥራ አራት የተጠቀሱት አድሚራል አልኖሩም። ስርጉዱን ያደረሰችው ጭልፋውን ያጸዳችው የሼፊልዷ ሚስ ሄቲ ስታኒፎርዝ ስትሆን፣ ጽዳቱ እንከን የለበትም። ሻርኩ ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም።»

መጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ማን እንዳስገባው አልታወቀም። ሄቲ እኔ አይደለሁም ብላለች፤ አሮጊቷ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

ሁለት መቶ ካታሎግ፣ ሁለት መቶ ወረቀት፣ አንድ ሰሃን ሙጫ። ሚስስ ሌይተን ሒሳብ አለብኝ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ሄቲና አምብሮዝ በረጅሙ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ትቀባለች፣ እሱ ገጽ አሥራ አራትን ገልጦ ይለጥፋል፣ በመዳፉ ይጫናል። የሰኔ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ማንቆርቆሪያዎች አንድ በአንድ ትነካካለች። ማንም አያወራም። ሄቲ ሁለት ደቂቃ ዝም ካለች ጤናዋን የሚጠይቃት ስድስት ሴት አላት፤ አሁን ግን ዝምታው የሚሞላ ቀዳዳ መስሎ አልታያትም። ሙሉ ነበር።

ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ቢረዝም የአንድ ሰዓት ተኩል። ሰማንያኛው ላይ ሄቲ ሙጫውን ቀስ ብላ፣ ጥግ ጥጉን እየዞረች እንደምትቀባ አስተዋለች። እንዳይታወቅባት ቀና ብላ አየችው። አምብሮዝ የለጠፈውን ወረቀት በመዳፉ ተጭኖ፣ ከደረቀ ብዙ ቆይቶ፣ አሁንም አልለቀቀውም።